ቀብድ ከመክፈላችን በፊት

የጎዳና ላይ ብስክሌት ውድድር መግቢያ የለውም። ስታዲየም የለው፣ ወንበር የለው፣ ቲኬት ቆራጭ የለው። እኛ ክረምት ላይ ሆነን ለሦስት ሳምንት ዓለም በቴሌቪዥን የሚከታተለው ቱር ደ ፍራንስ እንኳ የሚያልፈው በሰው ደጅ፣ በእርሻ ዳርና በተራራ መንገድ ነው። ወጥቶ መንገድ ዳር የቆመ ሁሉ በነፃ ያየዋል። ታዲያ ሰው ይህንኑ በነፃ የሚታይ ነገር ለማየት ለአንድ ሳምንት ሦስት ሺህ ዩሮ ገደማ የሚከፍለው ምን ገዝቶ ነው?

ውድ የዲፓርትመንታችን ልጆች፣ ይህን ጥያቄ በ2025 መጀመሪያ ላይ አንድ ወር ሙሉ ሳመነዥክ የከረምኩት ወድጄ አይደለም። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ እ.ኤ.አ. እያልኩ አላሰለቻችሁም።) አጎቴ ነው ያመጣብኝ።

አጎቴ ጀርመን፣ ሽቱትጋርት ይኖራል። የከተማ አውቶብስ ሹፌር ነው። ያደገው ግን ባሕር ዳር ነው፤ ባሕር ዳር ያደገ ሰው ደግሞ ከመራመዱ በፊት ሳይክል ይነዳል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሜዳ ነው፣ መንገዱ ሰፊ ነው፣ ሳይክል በሰዓት ይከራያል። አንድ ቀን ለማንም ሳይናገር የሰው ኮርሳ ተውሶ ጢስ ዓባይ ደርሶ ማታ የተመለሰ ዕለት እማማ (አያቴ ናት) በምን እንደተቀበለችው ቤታችን ውስጥ እስካሁን ይተረካል። ፅጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን አጎቴ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሞ ነበር ያየው። በ2024 ደግሞ ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ ሦስት የዕለት ውድድሮችን አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ሲወስድ ነገሩ ለይቶለት፣ «ከእንግዲህ በቴሌቪዥን አላይም» አለ።

ሦስት ዓመት ያጠራቀማት ገንዘብ ነበረችው። ሦስት አስጎብኚ ድርጅቶችም በውድድሮች ዙሪያ ያዘጋጁትን የብስክሌት ጉዞ የሚያስተዋውቁ መጽሔቶች ላኩለት። በአስጎብኚ እየተመሩ ራስ መጋለብ፣ ውድድሩም ሲያልፍ ቆሞ ማየት ማለት ነው። ሦስቱንም ለእኔ አስተላለፋቸው።

«አንቺ ጋዜጠኛ አይደለሽም እንዴ?»

«ጋሼ፣ ገና ሁለተኛ ዓመት ነኝ።»

«ይበቃል። ማስታወቂያ የሚፈታልኝ ሰው ነው የምፈልገው። እስከ ወሩ መጨረሻ ቀብድ ካልከፈልኩ ቦታው ያልቃል፤ ቀብዱ ደግሞ አይመለስም።»

ከዚያ ስልኩን ሊዘጋ ሲል፣ እንደ ዘበት፣ «ኪጋሊ ከሆነ አንቺንም እወስድሻለሁ፤ እግረ መንገዴንም እማማን አያለሁ» አለ። እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ጀመረ።

መጀመሪያ ግን ስለ ምርጫዎቹ ልንገራችሁ።

አንደኛው ሌታፕ ዱ ቱር የሚባለው ነው። ከ1993 ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄድ ሲሆን ባለሙያዎቹ ከሚጋልቡት መንገድ የአንዱን ቀን ወስደው፣ መንገዱን ለመኪና ዘግተው፣ እንደ አጎቴ ያለው ተራ ሰው እንዲጋልበው የሚያደርጉበት ዝግጅት ነው። የ2025ቱ ጁላይ 20 ላይ፣ ከአልበርትቪል እስከ ላ ፕላኝ ነበር፤ 131 ኪሎ ሜትር። ኪሎ ሜትሩ አያስፈራም። የሚያስፈራው ከጎኑ በትንሹ የተጻፈው 4,500 ሜትር ገደማ ሽቅብ የሚለው ነው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ከፈለጋችሁ፣ ከጣና ዳር ተነስቶ ራስ ዳሸን ጫፍ ለመውጣት ያለው የከፍታ ልዩነት እንኳ ሦስት ሺህ ሜትር አይሞላም። ከሁሉም ኋላ ደግሞ ፈረንጆቹ መጥረጊያ የሚሉት መኪና ይከተላል፤ ከተወሰነለት ሰዓት ያሳለፈውን ጋላቢ እየለቀመ ይጭናል። መጽሔቱ ሽፋኑ ላይ በረዶ የለበሰ ተራራና ፈገግ ያሉ ሰዎችን ሲያሳይ፣ የሰዓት ገደቡን የጻፈው ከመጨረሻው ገጽ በፊት ባለው ገጽ ላይ፣ በዓይን በማይለይ ፊደል ነው። አጎቴ ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ሆዱም ከአውቶብሱ መሪ ጋር ከተዋወቀ ቆይቷል። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ ራሱ ነው። «ከፍዬ ልለቀም?» ብሎ አንደኛውን ሰረዘ።

(ከወራት በኋላ የሰማሁት ነው፦ ባለሙያዎቹ በዚያው መስመር ጁላይ 25 ላይ ሊጋልቡ ሲሉ፣ መንገዱ በሚያልፍበት አካባቢ ከብቶች ላይ የቆዳ በሽታ ገብቶ ስለነበር ውድድሩ አጥሮ ከ100 ኪሎ ሜትር በታች ሆነ። የከብት በሽታ ቱር ደ ፍራንስን ሲያሳጥር! አገር ቤት ያሉ ዘመዶቼ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የገባቸውና ያዘኑበት እሱ ብቻ ነው።)

ሁለተኛው ሞን ቫንቱ ነው። ደቡብ ፈረንሳይ፣ ፕሮቫንስ ውስጥ፣ ለብቻው ተገትሮ የቆመ 1,910 ሜትር ተራራ ነው። ከፍታው ለእኛ ምንም አይደለም፤ ባሕር ዳር ከተማ ራሷ 1,800 ሜትር ላይ ናት። ግን እግሩ ስር ያለው ቤዱዋን የሚባለው መንደር ዝቅተኛ ስለሆነ፣ ከዚያ ተነስቶ ጫፉ ለመድረስ 21 ኪሎ ሜትር ገደማ ሳያርፉ መውጣት ያስፈልጋል። ታችኛው ክፍል ደን ነው፤ ላይኛው ራሰ በራ፣ ነጭ ድንጋይ፣ ነፋስ። እንግሊዛዊው ቶም ሲምፕሰን በ1967 እዚያ ላይ በውድድር መሀል ወድቆ ሞቷል። ጉዞው የአንድ ሳምንት ሲሆን በአራቱ ቀን ይጋለባል፣ ጁላይ 22 ቱር ደ ፍራንስ ተራራው ጫፍ ላይ ሲጨርስ ቆሞ ይታያል።

ሦስተኛው ኪጋሊ። ከሴፕቴምበር 21 እስከ 28፣ 2025፣ የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ውስጥ የተካሄደበት። አንዳንድ ቀን ማለዳ ላይ ከአስጎብኚ ጋር ከከተማው ውጪ ባሉት ኮረብታዎች መጋለብ፣ ከዚያ ውድድሩን ማየት። እዚህ ላይ ሐቁን ልናገርና፣ ሩዋንዳ ለአፍሪካ ኅብረት አገሮች ዜጎች የቪዛ ክፍያ ማስቀረቷን አረጋግጬ ለመጨረስ ዐሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ስለ ሌሎቹ ሁለት ጉዞዎች ኢንሹራንስ ለማንበብ ሁለት ቀን ወስዶብኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እነዚህን ጉዞዎች ለመምረጥ መጀመሪያ ማወቅ ያለብን የብስክሌት ውድድር እንዴት እንደሚታይ ነው፤ መጽሔቶቹ ይህን አይነግሩም። ሜዳ ላይ የቆማችሁ እንደሆነ ከመቶ ሃምሳ በላይ ጋላቢ በአንድ ላይ ተሰብስቦ፣ እንደ ንብ እየጮኸ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ አልፎ ይሄዳል። አራት ሰዓት ጠብቃችሁ ማለት ነው። ቱር ደ ፍራንስ ላይ ከነሱ ቀድሞ የስፖንሰሮች ካራቫን ያልፍና ኮፍያና ከረሜላ ይወረውራል፤ ብዙ ሰው ይዞ የሚመለሰው ኮፍያውን ነው። ተራራ ላይ ግን ጋላቢው ይበጣጠሳል፤ አንድ አንድ እያለ፣ ላቡ እየታየ፣ ትንፋሹ እየተሰማ ያልፋል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከግማሽ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። በሰዓት ሙከራ ውድድር እያንዳንዱ ለየብቻው ስለሚነሳ ረዘም ላለ ጊዜ ይታያል። በዙር በሚካሄድ ውድድር ደግሞ እዚያው ቆማችሁ ደጋግመው ይመጡላችኋል። የኪጋሊው የመጨረሻ ቀን የወንዶች ውድድር ይሄ ነበር፤ 15.1 ኪሎ ሜትር የሆነው ዙር ዐሥራ አምስት ጊዜ፣ በመሀሉ ወደ ኪጋሊ ተራራ የሚወጣ ተጨማሪ መንገድ፣ በድምሩ 267.5 ኪሎ ሜትር። ዙሩ ውስጥ ኪሚሁሩራ የሚባል ዳገት አለ፤ 1.3 ኪሎ ሜትር፣ ኮብልስቶን ነው። ስለ ኮብልስቶን ለእናንተ አላብራራም።

ስለዚህ ለማየት ብቻ ከሆነ ኪጋሊ ይበልጣል። ሙያዊ ፍርዴ ነው፣ ጥቅሜም ነው። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ደግሞ ሰው ራሱን ማመን የለበትም።

የዜና አዘገጃጀት ኮርስ ላይ ስለ ጥቅም ግጭት የተማርነውን ታስታውሱ እንደሆነ፣ ለፈተና ካልሆነ ብዙዎቻችን ከቁም ነገር አልቆጠርነውም። ምሳሌው ሁሌም ከፋብሪካ ባለቤት የምሳ ግብዣ የተቀበለ ሪፖርተር ነው። የራስሽ አጎት፣ የራስሽ አያት፣ አይተሽው የማታውቂው አውሮፕላን ውስጥ ያለ ወንበር ሲሆን ምን እንደሚደረግ ማንም አላስተማረንም። ላለመመለስም እችል ነበር፤ ግን አንድ ወር ሙሉ ቆጥሮ የሰጠኝ የሦስት ዓመት ገንዘቡን ነው።

ያደረግኩት ይህ ነው። ለሁለቱ ድርጅቶች አንድ ዓይነት አምስት ጥያቄ በኢሜል ላክሁ። ውድድሩ ቀን የምንቆመው የት ቦታ ነው? መንገድ የሚዘጋው በስንት ሰዓት ነው፣ ከመዘጋቱ በፊት እንዴት እንደርሳለን፣ ካለቀ በኋላስ እንዴት እንወርዳለን? አጃቢ መኪናው ለስንት ጋላቢ ነው፣ ደክሞት መግባት የፈለገ ሰው ቦታ ያገኛል? ዋጋው ለሁለት ሰው አንድ ክፍል ተጋርቶ ከሆነ፣ ብቻውን የሚመጣ ሰው ምን ይጨምራል? አምስተኛዋ ጥያቄ የምኮራባት ናት፦ በ2016 ሞን ቫንቱ ላይ እንደሆነው መጨረሻው ቢለወጥ ምን ታደርጋላችሁ?

ይህን ላላወቁ፦ በ2016 ጁላይ 14 ጫፉ ላይ ነፋሱ ከመጠን በላይ ስለነበር አዘጋጆቹ የውድድሩን መጨረሻ ስድስት ኪሎ ሜትር ዝቅ አድርገው ሻሌ ሬናር የሚባል ቦታ ላይ አደረጉት። ሕዝቡ ጠበበ፣ መንገዱ ታነቀ፣ ሞተር ብስክሌት ቆመ፣ ጋላቢዎች ከኋላው ተጋጩ፣ ቢጫ ማሊያ የለበሰው ክሪስ ፍሩም ብስክሌቱ ተሰብሮ በእግሩ ሽቅብ ሮጠ። ጫፉ ላይ ሆኖ ለማየት ያሰበ ሁሉ ዕቅዱ ከሸፈ።

የፈረንሳዩ ድርጅት በማግስቱ መለሰ። እንዲህ ይላል ባጭሩ፦ ጫፉ ላይ አንቆምም። ከሻሌ ሬናር በታች ደኑ ውስጥ እንቆማለን፤ መጨረሻው ቢወርድም ባይወርድም እዚያ ማለፋቸው ስለማይቀር። መንገዱ ለብስክሌት እስኪዘጋ ድረስ በራሳችን እንወጣለን፤ ማለዳ ነው የምንነሳው፣ ምግብና ጃኬት ቀድሞ በመኪና ይወጣል። ከውድድሩ በኋላ ፖሊስ እስኪፈቅድ ሁለት ሰዓት ልንጠብቅ እንችላለን፤ ይበርዳል። መኪናው ለስምንት ሰው ነው። ብቻውን ለሚመጣ ይህን ያህል ይጨመራል። በመጨረሻም፣ ከፈለጉ በኤሌክትሪክ የሚታገዝ ብስክሌት አለን። (አጎቴ በዚህች መስመር ሦስት ቀን ተቀይሟል።)

የኪጋሊው ድርጅት በስምንተኛው ቀን መለሰ። የማይረሳ ጊዜ እንደምናሳልፍ አረጋገጠልን። ሁለተኛ ጻፍኩ። ሆቴሉ ከውድድሩ ቦታ «እንደ ትራፊኩ ሁኔታ» አርባ ደቂቃ እንደሆነ ነገረኝ። የከተማው መንገድ ተዘግቶ እያለ በየት እንደምናልፍ ጠየቅሁ። ሦስተኛ መልስ አልመጣም። ድርጅቱ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ምናልባት ያን ጊዜ ማንም መልሱን አያውቅ ይሆናል። ግን ቀብድ እየጠየቁ ነበር።

በነፃ የሚታየውን ነገር ለማየት ሰው ምን እንደሚገዛ የገባኝ ሁለቱን ኢሜሎች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ነው። ውድድሩን አይደለም። መንገዱ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋና የትኛው ዛፍ ስር እንደሚቆም የሚያውቅ ሰው ነው የሚገዛው። ያ ሰው ከሌለ የቀረው አልጋና ቁርስ ነው፤ አልጋና ቁርስ ደግሞ ኪጋሊ ውስጥ ራስ ፈልጎ በጣም ባነሰ ዋጋ ይገኛል።

ያወቅሁትን ሁሉ አንድ ገጽ ላይ ጽፌ ላክሁለት። ራስጌው ላይ፣ ከርዕሱም በላይ፣ እንዲህ አልኩ፦ «ጋሼ፣ ይህን ያዘጋጀችው ኪጋሊ መሄድ በጣም የምትፈልግ ልጅ ናት። እሱን እያሰብክ አንብብ።» ከዚያ ውስጡ ላይ ሁሉንም አስቀመጥኩ። ለማየት ኪጋሊ እንደሚሻል፣ ያለ አስጎብኚ መሄድም እንደሚቻል፣ እየተመሩ መጋለብ ከተፈለገ ግን የፈረንሳዩ እንደሚታመን።

እናቴ ነገሩን ስትሰማ ደወለች። «ኪጋሊ በይው አላልኩሽም?» አለች። ወንድሟ አገር ቤት ከመጣ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። እማማ ጉልበቷ ከቤት አላስወጣ ካላት ሁለት ዓመት አልፏል፤ ጆሮዋ ደህና ስለሆነ ስልክ ታወራለች። «አንድ ገጽ ወረቀት ነው እናትና ልጅ የሚያለያየው?» አለችኝ እናቴ። ምን እመልሳለሁ? እማማን ወረቀቱ ላይ ማስገባት ይገባኝ ነበር ወይ ብዬ ብዙ አስቤበታለሁ፤ አላስገባኋትም። እናቱን ናፍቋት እንደሆነ ከእኔ የበለጠ ያውቃል፤ ለዚያ ጋዜጠኛ አያስፈልገውም።

ቫንቱን መረጠ። የነገረኝ ምክንያት አንድ ነው፦ «ቆሞ ማየቱን ከጀርመንም አየዋለሁ፤ እኔ የምፈልገው ላብ በላብ ሆኜ ደርሼ ማየት ነው። አርባ ደቂቃ ያልሽኝን ደግሞ ተይው፤ መንገድ ሲዘጋ አርባ ደቂቃ የሚባል ነገር የለም፣ ሥራዬ ነው።» ስለ እኔ ወንበርና ስለ እማማ ምንም አላለም። እኔም አልጠየቅሁም። እናቴ ሁለት ሳምንት በአጭሩ ነበር የምታወራኝ።

ጁላይ 22 ሌሊቱ ሳይነጋ ተነስቶ ወጣ። አራት ጊዜ እንደቆመ፣ አንዴ ብስክሌቱን እንደገፋ፣ ግን መኪናው ውስጥ እንዳልገባ ነግሮኛል። ደኑ ውስጥ፣ የተባለው ቦታ፣ ስምንት ሰዓት ቆየ። ፈረንሳዊው ቫለንታን ፓሬ ፔንትር አየርላንዳዊውን ቤን ሂሊን በመጨረሻዋ ቅጽበት ቀድሞ ያሸነፈበት ቀን ነው፤ አጎቴ ግን ይህን ያወቀው ማታ ነው፣ ጫፉ ላይ ስላልነበረ። እሱ ያየው ፖጋቻርና ቪንገጎር ተያይዘው ሲያልፉ፣ ቀጥሎ ደግሞ የተንጠባጠቡትን ነው። ከሁሉም በኋላ ዳገት የማይሆንላቸው ፈጣኖቹ ተሰብስበው መጡ። ቢንያም እነሱ መሀል ነበር። የኤርትራ ባንዲራ የያዙ ልጆች በትግርኛ ሲጮሁ አጎቴ በአማርኛ «በርታ! በርታ!» እያለ አብሯቸው ጥቂት ሜትር ሮጠ። ቀና ብሎ አይቶኛል ይላል። ስልክ ላይ ድምፁ ጠፍቶ ነበር።

ኪጋሊን እኔ ሴፕቴምበር 28 ዶርም ውስጥ በስልክ አየሁት፤ ኔትወርኩ እየቆረጠ። ከ165 ተነሺዎች የጨረሱት 30 ብቻ ናቸው። ፖጋቻር መጨረሻው ሊደርስ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ሲቀረው ወጥቶ አሸነፈ። እኔ ያየሁት ግን መንገድ ዳር ያለውን ሰው ነው። ዛፍ ላይ፣ ግንብ ላይ፣ ኮረብታው ላይ ልጅ በጀርባው ያዘለ ሰው ሳይቀር፣ ዐሥራ አምስቱን ዙር ሙሉ። ኪሚሁሩራ ዳገት ላይ ካሜራው ባለፈ ቁጥር ለራሴ የሚሆን ቦታ እየፈለግሁ ነበር። ነበረ ቦታ።

ባለፈው ሰሞን አጎቴ እንደገና ደወለ። ቱር ዱ ሩዋንዳ የሚባል፣ በየዓመቱ ፌብሩዋሪ አካባቢ የሚካሄድ፣ ከከተማ ከተማ የሚጓዝ ውድድር እንዳለ ያውቅ ኖሯል። የሁለት ድርጅቶች መጽሔት ልኮልኛል። ይዤሽ እሄዳለሁ የሚል ነገር በዚህኛው ጊዜ አልወጣውም፣ «በአዲስ አበባ በኩል ነው የምሄደው» ብቻ አለ። አምስቱን ጥያቄዎች ላክሁላቸው፤ አንዷን ቀይሬአታለሁ፣ ውድድሩ በየቀኑ ቦታ ስለሚለውጥ ሻንጣ የሚጭነው መኪና መንገዱ ከመዘጋቱ በፊት ይወጣል ወይስ በኋላ የሚል ነው። አንደኛው መልሷል። ሌላኛውን እየጠበቅሁ ነው።